ስካነሩን ከማብራትዎ በፊት መደርደሪያውን ይለኩ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። አዲሱ ኃላፊያችን ያለን ወረቀት በሙሉ በ6 ወር ውስጥ ስካን ተደርጎ እንዲያልቅ፣ ወረቀቱም እንዲወገድ አዘዋል። 2 ስካነርና 8 ቴራባይት የሚይዝ ሰርቨር ተገዝቶልናል። መደርደሪያው ሲደመር ወደ 300 ሜትር ይሆናል። በየኮምፒውተሩ የተበታተነ ፋይልና ኢሜይልም አለ። ከየት ልጀምር? ወረቀቱንስ መጣል ይቻላል?»

ከመጨረሻው ጥያቄ ልነሳ። ወረቀቱን አይጣሉ። ቢያንስ አሁን አይጣሉ። መደርደሪያዎ ላይ መወገድ ያለበት ብዙ ወረቀት እንዳለ እገምታለሁ። ግን አንድ ወረቀት የሚወገደው ስካን ስለተደረገ አይደለም፤ የሚፈለግበት ጊዜ ስላበቃ ነው። ጊዜው ካበቃ ደግሞ ስካን ማድረጉ ለምን አስፈለገ? ኃላፊዎ ሁለት ሥራ በአንድ ትእዛዝ ጠቅልለው ሰጥተውዎታል። የመጀመሪያ ሥራዎ ሁለቱን መነጣጠል ነው።

ኃላፊዎን በንድፈ ሐሳብ ለማሳመን አይድከሙ። ቁጥር ይዘው ይግቡ። 500 ወረቀት ያለው እሽግ ውፍረቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ 1 ሜትር መደርደሪያ ጥቅጥቅ ተደርጎ ቢሞላ 10,000 ወረቀት ይይዛል። የፋይል ሽፋኑን፣ ቦክስ ፋይሉንና ክፍተቱን ቀንሰን 7,000 እንበል። 300 ሜትር ማለት 2.1 ሚሊዮን ወረቀት ነው። በ6 ወር ውስጥ 125 የሥራ ቀን ቢኖር በቀን 16,800 ወረቀት ይደርሳል። ለአንዱ ስካነር 8,400። ስምንት ሰዓት ሙሉ ሽንት ቤት እንኳን ሳይሄዱ በየ3.4 ሴኮንዱ አንድ ወረቀት ማለት ነው። ማሽኑ ይችል ይሆናል፤ ሰው ግን አይችልም። ጊዜ የሚበላው ስካን ማድረጉ አይደለማ! የስቴፕለር ሽቦ መንቀል አለ። የተጨማደደውን ማቃናት፣ ገጹን መቁጠር፣ ስም መስጠት፣ ምስሉ መነበቡን ማየት፣ ከዚያ ወረቀቱን በነበረበት ቅደም ተከተል መመለስ አለ።

ሰርቨሩም አይበቃም። አንድ የኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ማለት ነው) በቀለም ተነስቶ ምንም ሳይጨመቅ ሲቀመጥ 26 ሜጋባይት ገደማ ይፈጃል። 2.1 ሚሊዮን ሲሆን፣ ጀርባውን ሳንቆጥር፣ ከ50 ቴራባይት በላይ ነው። መጨመቅ ይቻላል፣ እሺ። ግን ከአንድ በላይ ቅጂ እንደሚያስፈልግዎትም አይርሱ።

ኃላፊዎ «ሌሎች አገሮች ጨርሰውታል» ካሉ ይህን ይንገሯቸው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2019 ከ2022 መጨረሻ በኋላ ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ከመሥሪያ ቤቶች ወረቀት እንደማይቀበል አስታወቀ። ከሦስት ዓመት በላይ ጊዜ ሰጥቶ ነበር። ቀኑ ሲቃረብ ግን ወደ ጁን 30 ቀን 2024 ገፋው። እርስዎ የተሰጠዎት 6 ወር ነው።

ታዲያ ከየት ይጀመር? እኔ ብሆን ከኮምፒውተሩ እጀምራለሁ።

ብዙ ሰው ይህን ስነግረው ግራ ይገባዋል። አቧራ የለበሰው፣ ጎብኚ ሲመጣ የሚያሳፍረው ወረቀቱ ነውና ዓይን ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ግን ወረቀት ታጋሽ ነው። ደረቅ ክፍል ውስጥ ለ50 ዓመት ማንም ሳይነካው ቢቀመጥ፣ ሲመለሱ ይነበባል። ኤሌክትሮኒክ ሰነድ እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። በእንግሊዝ በ1086 የተዘጋጀው የመሬትና የንብረት መዝገብ፣ ዶምስዴይ የሚባለው፣ ዛሬም ተገልጦ ይነበባል። 900ኛ ዓመቱ ሲከበር ቢቢሲ በ1986 አዲስ የዘመኑን ዶምስዴይ አዘጋጀ። ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው ተሳተፈበት፤ ጽሑፍ፣ ፎቶና ካርታ በሌዘር ዲስክ ላይ ሰፈረ። ማጫወቻው ከገበያ ጠፋ፤ ኮምፒውተሩም እንደዚያው። በ2002 ተመራማሪዎች የድሮውን ማሽን የሚያስመስል ሶፍትዌር ሠርተው ነው ይዘቱን ማየት የቻሉት። የብራናው ዕድሜ ከ900 ዓመት በላይ ነው፤ የዲስኩ ግን 16 ዓመት።

እኛም የራሳችን አለን። ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በአንድ ዓይነት ኮድ እንዲያውቁ የሚያደርገው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ የግእዝን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ ደብዳቤዎች የሚተየቡት እያንዳንዱ የራሱ አቀማመጥ ባለው ፎንት ነበር። እነዚያን ፋይሎች ዛሬ ሲከፍቷቸው የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ብቻ ይወጣል። ፎንቱ የተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር አንድ ጥግ ላይ ካለ፣ እባክዎ በንብረት ማስወገድ ስም እንዳይወሰድብዎት። ከ6 ወሩ ዕቅድ ሁሉ የሚቀድም ሥራ እሱ ነው። ፋይሎቹን እዚያው ይክፈቷቸውና ወደ ፒዲኤፍ ይቀይሩ፤ ፎንቱንም ለብቻው ይቅዱት።

አንድ ቀን የደረሰብኝን ልንገርዎት። ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የግንባታ ውል ክርክር ገጠመን። ውሉን የያዘው መሐንዲስ ከለቀቀ ጥቂት ወራት ሆኖታል። ፋይሉን ሳወጣ የተፈረመው ውል አለ፣ የመጀመሪያው ክፍያ አለ፣ ከዚያ በኋላ ባዶ። የሁለት ዓመት ጽሑፍ ልውውጥ፣ የጊዜ ማራዘሚያው፣ የዲዛይን ለውጡ ሁሉ በመሐንዲሱ ላፕቶፕ ላይ ነበር። ላፕቶፑ ደግሞ ፎርማት ተደርጎ ለአዲስ ሠራተኛ ተሰጥቷል። ፎርማት ያደረገውን ባለሙያ መውቀስ አልቻልኩም። «ንጹህ አድርገህ ስጥ» ተብሏል፣ ንጹህ አድርጎ ሰጠ። መዝገብ ቤቱን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በሠራሁበት ቦታ ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ሠራተኛ ሲለቅ ክሊራንሱ ላይ መዝገብ ቤት ይፈርማል ወይ?

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በየቢሮው በመዞር ያሳልፉ። ማስታወሻ ደብተር ይያዙ። ማን ምን ይጽፋል፣ የት ያስቀምጣል፣ ሌላ ቅጂ አለ ወይ? ዴስክቶፕ፣ ፍላሽ፣ የግል ኢሜይል፣ የቴሌግራም ግሩፕ፣ ሁሉንም ይጻፉ። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «የመጨረሻ የተስተካከለ» የሚሉ ሦስት ፋይሎች ያገኛሉ። የተፈረመው የትኛው እንደሆነ ባለቤቱም ላያውቅ ይችላል። ከዛሬ ጀምሮ የሚፈጠረው ሰነድ በሥርዓት እንዲገባ ያድርጉ፤ ያለፈው በኋላ ይደርሳል። ቧንቧው እየፈሰሰ ወለል አይወለወልም። በቻት ውሳኔ ከተሰጠ ውሳኔው በጉዳዩ ፋይል ውስጥ ይግባ፤ ኢሜይልም ከነአባሪው፣ ከነላኪውና ከነሰዓቱ። የስክሪን ፎቶ ከምንም ይሻላል እንጂ ኢሜይሉን ራሱን አይተካም።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ስህተት ሲሠራ በጣም ያየሁበት ቦታ ነውና።

አንድ ገቢ ደብዳቤ በእጅዎ ይያዙ። ከላይ ቁጥርና ቀን አለ። ከታች ፊርማ፣ ማኅተምና ቲተር (የፈራሚው ስምና ኃላፊነት ያለበት ማኅተም) አለ። ይህ ላኪው የጻፈው ነው። አሁን ኅዳጉን ይዩ። «አቶ እገሌ፣ ተመልክተው ሐሳብ ያቅርቡ» ይላል፤ ቀንና ፊርማ አለው። ይገልብጡት። ጀርባው ላይ ባለሙያው በሰማያዊ እስክሪብቶ ሐሳቡን ጽፏል፣ ከሥሩ ኃላፊው በቀይ «ተስማምቻለሁ፣ ይፈጸም» ብለዋል። የመሥሪያ ቤቱ ውሳኔ ያለው የት ነው? ጀርባው ላይ። አንድ ጊዜ የስካን ሥራ የተሰጠው ቡድን «ጊዜ ለመቆጠብ» ፊቱን ብቻ በጥቁርና ነጭ አንስቶ አስረከበ። ሺዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች «ዲጂታል» ሆኑ። ሰው የጻፈልንን ሁሉ አግኝተናል፤ እኛ ምን እንደወሰንን ግን አንድም ቦታ የለም። ደግነቱ ወረቀቱ አልተጣለም ነበር።

አንድ ወረቀት ሪከርድ የሚሆነው ስለአንድ ሥራ ስለሚመሰክር ነው። ማን ጻፈው፣ ለማን፣ መቼ፣ በየትኛው ጉዳይ፣ ምን ተከተለ? እነዚህ ከጠፉ የቀረው ጽሑፍ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ወጥቶ በ2016 የተሻሻለው የሪከርድ አስተዳደር ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኤስኦ 15489፣ ከአንድ ሪከርድ አራት ነገር ይፈልጋል። ነኝ የሚለውን ራሱን መሆኑ፣ የሚናገረው የሚታመን መሆኑ፣ ሳይነካካ ሙሉ ሆኖ መቆየቱ፣ ሲፈለግ ተገኝቶ መነበቡ። «ስካን0001» ብሎ የተሰየመ ፋይል ምናልባት አራተኛውን እንኳን አያሟላም፤ ማን ፈልጎ ያገኘዋል?

ለዚህ ነው ፋይሉን በትኖ በአዲስ «አርእስት» መደርደር የማይመከረው። ፈረንሳዮች በ1841 ባወጡት መመሪያ ከአንድ አካል የመጣ መዝገብ ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል ደነገጉ። ከ180 ዓመት በላይ አልፎም ሙያው የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ደብዳቤውን የሚያስረዳው ከፊቱና ከኋላው ያለው ደብዳቤ ነው። በስካን ጊዜም የፋይሉ ቁጥርና የገጹ ቅደም ተከተል እንዳለ ይሂድ።

የፋይል አመዳደቡን ግን ዲጂታል ከመሆኑ በፊት ማየት ሳያስፈልግዎ አይቀርም። በክፍል ስም የተመደበ ከሆነ ችግር አለው። ክፍል ስሙን ይቀይራል፣ ይታጠፋል፣ ይዋሐዳል። ሥራው ግን ይቀጥላል። ሠራተኛ መቅጠር፣ ግዢ መፈጸም፣ ፈቃድ መስጠት የየትኛውም ክፍል ቢሆን ያው ሥራ ነው። ስለዚህ ምደባው በሥራው ይሁን። የፋይል ስም ሲሰጡ ቀኑን በዓመት፣ በወር፣ በቀን ቅደም ተከተል ያስቀድሙ፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ይደረድርልዎታል። የትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሆነ አንድ ጊዜ ወስነው ይጻፉ፤ አለበለዚያ ከ10 ዓመት በኋላ የሚመጣው ሰው በ7 ወይም በ8 ዓመት ልዩነት ሲሳሳት ይኖራል።

ከዚያ እያንዳንዱ ዓይነት ሰነድ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ የሚወስነው የማቆያ ጊዜ ሰንጠረዥ ይመጣል። በአገርዎ የቤተ መዛግብት ሕግ ወይም መመሪያ የተወሰነ ነገር ካለ መነሻዎ እሱ ነው፤ ከሌለ ከሕግ፣ ከፋይናንስና ከኦዲት ክፍሎች ጋር ተቀምጣችሁ ታረቅቁታላችሁ። ሰንጠረዡ «5 ዓመት» ብቻ ካለ አይረዳም። ከመቼ ጀምሮ? ደብዳቤው ከተጻፈ? ውሉ ካለቀ? ሠራተኛው ጡረታ ከወጣ? መነሻውን ካልጻፉት ሁለት ሰው ሁለት ቀን ይቆጥራል። ኦዲት ወይም ክስ ያለበት ፋይል ደግሞ ጊዜው ቢያልፍም አይነካም።

የሚወገደውን ሲለዩ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ለመሥሪያ ቤቱ ያረጀ ወረቀት ለሌላ ሰው ብቸኛ ማስረጃው ሊሆን ይችላል። የብሪታንያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2010 ከካሪቢያን የመጡ ሰዎች የተመዘገቡባቸውን የቆዩ የመግቢያ ካርዶች አስወገደ። ለመሥሪያ ቤቱ ቦታ የሚይዝ ወረቀት ነበር። በኋላ ግን በልጅነታቸው የገቡ ሰዎች «መቼ እንደመጣችሁ አስረዱ» ተባሉ። ሥራ ያጡ፣ የታሰሩ፣ የተባረሩም አሉ። በ2018 ጉዳዩ ሲፈነዳ ካርዶቹ ከጠፉ ቆይተዋል። ስለዚህ የሰው መብት የተንጠለጠለበትን ወረቀት፣ የሠራተኛ ማኅደር፣ የይዞታ፣ የልደት፣ የትምህርት ማስረጃን፣ ስካን ቢደረግም ባይደረግም ለመጣል አይቸኩሉ። የሚጣለው በኮሚቴ ይታይ፣ ዝርዝሩ ይፈረም። ዝርዝሩ ራሱ ደግሞ በቋሚነት ይቀመጥ።

ከልምድ እንደማውቀው እዚህ ሲደርሱ ስካን የሚደረገው ይቀንሳል። ዕለት ዕለት የሚፈለገው፣ ተሰባብሮ ሊጠፋ የተቃረበው፣ በቋሚነት የሚቆየው፣ በዚህ ቅደም ተከተል ስካን ይደረግ። ድሮ በፋክስ የመጣ ደብዳቤ ካለ ሰልፉን ያስቀድሙለት፤ ብዙ ጊዜ በሙቀት የሚታተም ወረቀት ስለሆነ ራሱ እየደበዘዘ ባዶ ይሆናል።

ቴክኒኩን በአጭሩ። 300 ዲፒአይ ለተለመደ ጽሑፍ ይበቃል። በቀለም ያንሱ፤ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ማን እንደጻፈ ይነግርዎታል። ጽሑፍ ያለበት ጀርባ ሁሉ ይነሳ። በቋሚነት የሚቆየውን ቲፍ በሚባለው የምስል ፎርማት ወይም በፒዲኤፍ/ኤ ያስቀምጡ፤ ጄፔግ ሲጨመቅ ከምስሉ ላይ የሚጥለው ነገር አለ። ፒዲኤፍ/ኤ እ.ኤ.አ. በ2005 ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) ያጸደቀው ለረጅም ጊዜ ማቆያ የሚሆን ፒዲኤፍ ነው። ፎንቱን በውስጡ ይይዛል፣ በይለፍ ቃል መቆለፍን አይፈቅድም። ጽሑፍ አንባቢ ሶፍትዌር ይጠቀሙ፤ የእጅ ጽሑፍ ላይ ግን አይመኑት፣ ስም በሚያህል ነገር ይሳሳታል።

ቅጂን በተመለከተ የተለመደው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጪ ነው። የሰርቨሩ ሁለት ዲስክ አንድ ዓይነት መያዙ ባክአፕ አይደለም። በስህተት ያጠፉት ፋይል ከሁለቱም እኩል ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ የወታደሮች ማኅደር በተከማቸበት ሕንፃ ላይ እሳት ተነስቶ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን ፋይል አወደመ። ቅጂ አልነበረም፤ ማይክሮፊልም አልነበረም። ዝርዝር እንኳን ስላልነበረ የማን ፋይል እንደተቃጠለ በትክክል ማወቅ አልተቻለም። ለእያንዳንዱ ፋይል የጣት አሻራ የሚያወጣ ነፃ ሶፍትዌርም አለ። ኤስኤችኤ-256 የሚባለው 64 ፊደልና ቁጥር ይሰጥዎታል፤ ፋይሉ ውስጥ አንድ ነጥብ ቢለወጥ አሻራው ሌላ ይሆናል። ሲያስገቡ ይመዝግቡት፣ በየጊዜው ያወዳድሩት። ሶፍትዌር ለሚሸጥልዎ ድርጅት ደግሞ ውል ሳይፈርሙ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ነገ ብንለያይ ሰነዶቻችንን ከነመረጃቸው በምን ፎርማት ታስረክቡናላችሁ?» መልሱ ከተድበሰበሰ ይተዉት።

ስካን የተደረገ ቅጂ በፍርድ ቤት ዋናውን ይተካል ወይ የሚለውን የሕግ ክፍልዎ በጽሑፍ ይመልስልዎ፤ በቃል አይቀበሉ። ያ ደብዳቤ እስኪመጣ ወረቀቱ ይቆይ።

ስካነሮቹ ደግሞ ሥራ ፈተው እንዳይቀመጡና ኃላፊዎም የሚያዩት ነገር እንዲኖር፣ ነገ ጠዋት በገቢና በወጪ መዝገቦቹ ይጀምሩ። እነዚያን ትላልቅ ጥራዞች ማለቴ ነው፤ ጀርባቸው የተገነጠለ፣ በሦስት ሰው እጅ ጽሑፍ የተሞሉ። ብዙ ገጽ አይሆኑም። እያንዳንዱ መስመር ቁጥር፣ ቀን፣ ከማን፣ ስለምን፣ ለማን ተመራ የሚል ነው። የመሥሪያ ቤቱ የደብዳቤ ዝርዝር በሙሉ እዚያ ተጽፎልዎታል፤ ከእርስዎ በፊት የነበሩት በእጃቸው ሠርተውታል። አዲሱን ማውጫ በዚያ ላይ ይገንቡ፤ ጥራዞቹን ግን ማንም ሰው «ስካን ተደርገዋል እኮ» ብሎ እንዳያወጣቸው ቁልፍ ባለው ቁም ሣጥን ያስገቧቸው።